እጅጌ የሆነው ምዕራፍ

ባለፈው ወር ጀሞ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ ልጆችን እንዳወያይ ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው። በዕድሜዋ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያሳተመች፣ እሱም ከገበያ ከጠፋ የሰነበተ አሮጊት ምን ታወራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ልጆቹ ግን ጨዋዎች ናቸው። ወንበር አቀረቡልኝ፣ ለስላሳ ከፈቱልኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት አጨበጨቡልኝ። መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጠች፣ ፀጉሯን በቀጭኑ የተሠራች ልጅ እጇን አወጣችና «እማማ፣ ልብ ወለድ መጻፉን ከሥራዎ፣ ከትዳርዎ፣ ለራስዎ ካሰቡት ዓላማ ጋር እንዴት ነበር የሚያመጣጥኑት?» አለችኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ «ዋናው ፕሮግራም ማውጣት ነው ልጄ። ለሁሉም ጊዜ አለው» አልኳት። ጻፈችው። ደብተሯ ላይ ስታሰምርበት አየሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ታክሲው ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ ተቀምጬ፣ ፊቴ በሐፍረት ጋለ። ፕሮግራም! የምን ፕሮግራም? መቼ የወጣ?

ረዳቱ «ላፍቶ! ላፍቶ!» እያለ ይጣራል፤ ግራና ቀኙ ፎቅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ይሄ ሁሉ ማሳ ነበር ብል ከተሳፋሪው ማን ያምነኛል? እኔና ደምሴ፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከነፋስ ስልክ ተነስተን በእግራችን እዚህ ድረስ እንመጣ ነበር። ከገበሬዎቹ የሽምብራ እሸት በስሙኒ እንገዛና እየፈለፈልን እንመለሳለን። እሱ በገዛ እጁ የሰፋውን ቡናማ ሳፋሪ ለብሷል፤ እኔ ከደንበኞች ጨርቅ በተረፈ ቁራጭ የሠራልኝን፣ እጅጌው ሌላ ወገቡ ሌላ ቀለም የሆነ ቀሚስ። መንገድ ላይ የሚያየን ሁሉ ፋሽን ነው ብሎ ያስብ ነበር። አንዲት የፋብሪካችን ልጅ እንደዚያ ያለ ቀሚስ ለማሠራት ደህናውን የቴትረን ጨርቅ ገዝታ አስቆርጣዋለች። ያ ቀሚስ አሁን ቢኖረኝ ምን ነበረበት።

ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የቀበሌ ቤት ነው። አንድ ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚያደነቁር ቆርቆሮ። ደምሴ ልብስ ሰፊ ነው። በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር አስቀምጦ እዚያው ቤት ይሠራል፤ ሱሪ በሁለት ብር፣ ኮት ከነገበሩ በአሥራ ሁለት። እኔ ከመንገዱ ማዶ ባለ ፋብሪካ ታይፒስት ነበርኩ። ጠረጴዛችን አንድ ናት። እሱ ጨርቅ ይቀድባታል፣ እኔ እጽፍባታለሁ፣ ሦስታችን እንበላባታለን። ሦስተኛዋ ልጃችን ሠናይት ናት፤ ያኔ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር።

እንግዲህ የኔ «ማመጣጠን» ይሄ ነበር። ጎህ ሲቀድ፣ ቦኖው ሳይከፈትና የውሃ ወረፋው ሳይረዝም፣ አንድ ሰዓት ያህል እጽፋለሁ። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ሥራ። ከሥራ መልስ የማታ ትምህርት ቤት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ማትሪክ ተፈትኜ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የመግባት ሐሳብ ነበረኝ። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ የራሴ ቢሮ፣ የራሴ ስልክ እንዲኖረኝ እመኝ ነበር። ስኳርና ሳሙና የሚታደለው ቀበሌ ሱቅ ወረፋ ላይ ደግሞ በጭንቅላቴ እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥሩውን ንግግር ያገኘሁት ከዚያ ወረፋ ነው። ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ጣሳ ዘይት ሲነታረኩ ያልሰማ ሰው ንግግር መጻፍ የሚችል አይመስለኝም። ታዲያ ሰውነቴ ቤት ገብቶ ልቤ እዚያው ይቀራል። አንድ ቀን ሠናይትን እያበላሁ ሐሳብ ይዞኝ ጭልጥ ብል፣ ልጄ አገጬን በትንሽ እጇ ይዛ ፊቴን ወደ እሷ አዞረችና «እማዬ፣ አሁን እዚህ ነሽ?» አለችኝ። ዛሬ እሷ ራሷ የልጆች እናት ናት፤ ነገሩን አታስታውሰውም። እኔ ግን እስካሁን ይሰማኛል።

የምጽፈው ብርቄ ስለምትባል ሴት ነበር። ወፍጮ ቤት እህል እየመዘነች የምትኖር፣ «ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ» ብሏት የሄደ ሰው የምትጠብቅ። ወረቀት እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ደምሴ የልብስ ቅድ፣ ማለት ጨርቅ የሚቆርጥበትን ቅርጽ፣ በሚያወጣበት ትልልቅ ካኪ ወረቀት ላይ እጽፍ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ መኪናውን እየረገጠ የሳምንቱን አነብለታለሁ። ደምሴ ማንበብ የተማረው በቅርቡ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል ለፊደል ስለሚሄድ መስማት ይሻለዋል። እሱም ዝም ብሎ አይሰማም።

«ቆይ፣ ምን ለብሳለች?»

«ደምሴ ደግሞ! ልቧ ተሰብሮ የምን ልብስ ነው?»

«ልቧ ቢሰበርም ራቁቷን አልወጣችም። ወገቡ ላይ የተሰበሰበ ነው ወይስ ልሙጥ? ዱቄት እላዩ ላይ አለ?»

ዱቄቱን እኔ ረስቼው ነበር። የወፍጮ ቤት ሴት፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ዱቄት የሆነች ሴት! ማታ ያን ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩት። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ መጽሐፌን ያወደሱ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሱት ያን ዱቄት ነው።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን ቤት አልጻፍኩትም። ፈተናዬ ደርሶ ስለነበር ጎህ ሲቀድ ማጥናት ጀምሬያለሁ። ስለዚህ ቢሮ፣ በምሳ ሰዓት፣ በታይፕ የተበላሸ ነጭ ወረቀት ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። የፋብሪካው ስም ከላይ የታተመበት ወረቀት ነው። ሰውዬው ይመጣል፤ ብርቄ ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማ አንድ ነገር ትለዋለች፤ አለቀ። ያቺን አንድ ነገር ስንት ጊዜ ሰርዤ ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት እግዚአብሔር ይወቅ። ሳምንቱን ሙሉ ስታገላት ሰንብቼ ዓርብ ጨረስኩ። ቅዳሜ አነበብኩለት። ብርቄ የተናገረችው ላይ ስደርስ የመኪናው ድምፅ ቆመ። ቀና ብል ደምሴ እግሩን ከመርገጫው አንስቶ ወደ መስኮቱ እያየ ነው።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ።

ደገምኩለት። ጨርቁን እንደገና ከመርፌው ሥር አስገባና «ይበለው! ይሄ ሰው ይገባዋል» አለ። ስለ ሰውዬው ነው። በልብ ወለድ ሰው ላይ እንዲህ ሲናደድ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ታትሞ በእጄ ስይዘው እንኳ አልተሰማኝም።

በማግሥቱ እሑድ ስኳር መጥቷል ተባለና ሠናይትን አዝዬ ቀበሌ ሱቅ ሄድኩ። ጊዜው ወረቀት የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር፤ ይሄን ያህል ማለቱ ይበቃል። የመንደሩ ሰው አሰሳ መጣ በተባለ ቁጥር ደብዳቤውንም፣ ፎቶግራፉንም፣ የዘመድ አድራሻውንም ከሰል ምድጃ ውስጥ ይከታል። ያን ጠዋት ለደምሴ ወሬውን የነገረችው ጎረቤታችን እትዬ ዳመነች ናት። የወላይታ ሰው ነች፣ ጴንጤ። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ ከባሏ ጋር ቤታቸው ውስጥ፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ አፍ ለአፍ ገጥመው ይዘምሩ ነበር። የመዝሙር ደብተሯን ይዛ ስትንቆራጠጥ ነው በአጥሩ ቀዳዳ የጠራችው። «ጋሽ ደምሴ፣ ከታችኛው መንደር ጀምረዋል! የሚስትህን የአስቴርን ምናምን ሰብስብ!» ብላው ሮጠች።

እኔ ይሄን ሁሉ አላወቅኩም። ግማሽ ኪሎ ስኳሬን ይዤ እየተደሰትኩ ስመጣ በራችን ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው ቆሟል። ውስጥ ሁለት አሉ። አንዱ ፍራሹን ይገለብጣል። ሁለተኛው አፍሮው ከቆቡ ሥር ያመለጠ ወጣት ነው፤ ደምሴ ቅዶቹን የሚሰቅልበት ሚስማር ሥር ቆሞ ወረቀቶቹን ያገላብጣል። እዚያ ሚስማር ላይ በፊት አምስት ስድስት ቅድ ነበር። አሁን ሠላሳ ይሆናል። ዐይኔ መጀመሪያ አላመነም። ከፊት ያለው ላይ የራሴን እጅ ጽሑፍ አየሁ፤ ትከሻው ጋ ክብ ሆኖ የተቆረጠ፣ ወደ ታች የጠበበ። ምዕራፍ ሦስት እጅጌ ሆኗል። ልብ ወለዴ ሁሉ ኮሌታ፣ ኪስ፣ ደረት፣ ጀርባ ሆኖ ተሰቅሏል።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ወጣቱ።

«የልብስ ቅድ ነው፣ ጓድ» አለ ደምሴ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ ላቡ ግን ከጆሮው ሥር ይወርዳል። «ይሄ እጅጌ ነው። ያኛው የኮት ጀርባ።»

«ጽሑፍ አለበት እኮ።»

«ያገለገለ ወረቀት ነው። አዲስ ካኪ ወረቀት ከየት ይገኛል ብለህ ነው፣ ጓድ?»

ወጣቱ እጅጌውን ከሚስማሩ አወጣና ወደ በሩ ብርሃን ይዞት መጣ። ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ ቆመ። ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። «ብርቄ ወፍጮው ከቆመ በኋላም ድምፁ ከጆሮዋ አይወጣም ነበር። ሰው ሲያናግራት እንኳ በወፍጮው ውስጥ ነው የምትሰማው...» ቀና አለ። «ብርቄ ማናት?»

ሠናይትን ጀርባዬ ላይ ከፍ አደረግኳት። «ማንም አይደለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። የማታ ተማሪ ነኝ። የአማርኛ ድርሰት ነው።»

ልጁ ማንበቡን ቀጠለ፤ አሁን ለራሱ ነው። ዐይኑ መስመሩን እየተከተለ ወደ ክንዱ ጫፍ፣ ወደ ጠባቡ ወረደ። እዚያ ዓረፍተ ነገሩ በመቀስ ተቆርጧል። ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ሰውዬው ይመጣል?» አለኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት። «ገና አልጨረስኩትም።»

ፈገግ ሊል ነበር መሰለኝ፤ የፍራሹ ሰውዬ «ምንም የለም፣ እንሂድ» ሲለው ፊቱን ኮስተር አደረገ። እጅጌውን ቦታው ላይ ሰቀለና ወጡ።

ደምሴ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። እኔ ሠናይትን አውርጄ ወደ ጠረጴዛዋ መሳቢያ ሄድኩ። ባዶ ነው።

«ነጩስ?» አልኩት። «የመጨረሻውስ?»

ደምሴ ወደ ከሰል ምድጃው አየ።

«የፋብሪካው ስም አለበት እኮ» አለ በዝግታ። «ታይፒስት ቤት የመንግሥት ፋብሪካ ወረቀት ቢገኝ ምን እንደሚሉ አንቺ ታጪዋለሽ?»

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«የት አግኝቼሽ? ወረፋ ላይ ነበርሽ።»

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው ያናደደኝ። ሦስት ቀን አላናገርኩትም። እትዬ ዳመነች በአጥሩ በኩል «አንቺ ልጅ፣ ባልሽ በሕይወት አለልሽ፣ አንቺም አለሽ። ሌላው ወረቀት ነው» ብትለኝ እሷንም ተቀየምኳት። እሷ ደብተሯን አቃጥላ መዝሙሮቹን ሁሉ በቃሏ ይዛ ቀርታለች። እኔ የጻፍኩትን በቃል የምይዝ ሰው አይደለሁም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ዓይነት አድርጌ ስለጻፍኳት የትኛዋ እንደጸናች ጠፋብኝ። ሁሉም በአንድ ላይ ይመጡብኛል፤ አንዳቸውም እሷ አይደሉም።

ከአንድ ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ እሑድ ደምሴ ቅዶቹን ከሚስማሩ አውርዶ ወለሉ ላይ ዘረጋቸው። «ነይ» አለኝ። መቀሱን የያዘው እሱ ስለሆነ የቱ ከየቱ እንደተቆረጠ ያውቃል። እኔ በቃሉ ስፈልግ እሱ በቅርጹ ያገኘዋል። «ይሄ የግራ ደረት ነው፤ ጎኑ ይሄ ነው» ይላል፤ አጋጥሜ ሳነበው ዓረፍተ ነገሩ ቀጥ ብሎ ይገጥማል። በዱቄት ሙጫ እያጣበቅን፣ እኔ ወደ ደብተር እየገለበጥኩ፣ እሑዶቻችን ሁሉ በዚህ አለቁ። ወደ ላፍቶ ማሳ መሄድም ቀረ። ሬዲዮው የእሑድ ዘፈኑን ያሰማል፤ ሠናይት ከኪስና ከኮሌታው ላይ ትንከባለላለች፤ ደምሴ ተንበርክኮ በአፉ መርፌ ይዞ ያጉረመርማል። በሕይወቴ በጣም የሚናፍቀኝ ምንድነው ብትሉኝ ያ ወለል ነው። ያን ጊዜ ግን ደክሞኝ፣ ተናድጄ፣ ፈተናዬን እያሰብኩ ነበር። ሁሉንም መያዝ አልተቻለም። ማትሪኩን ሳልፈተን ቀረሁ። በዓመቱም ሌላ ነገር መጣ፣ በሚቀጥለውም። ሒሳብ ሠራተኛ ሳልሆን፣ የራሴ ስልክ ሳይኖረኝ፣ በታይፒስትነቴ ጡረታ ወጣሁ። ይሄን ነበር ለዚያች ልጅ መንገር የነበረብኝ።

ሁሉም ተጣብቆ ሲያበቃ የቀረው መጨረሻው ብቻ ሆነ። ጠረጴዛዋ ላይ ባዶ ደብተር ከፍቼ ተቀመጥኩ። ደምሴ አንድ ሱሪ እየጠቀመ ነበር።

«እኔ ልንገርሽ?» አለ። «ሁለቴ ነው እኮ ያነበብሽልኝ። ብርቄ ያለችውን አስታውሳለሁ።»

አሁን ሳስበው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ዝም ብዬ ብሰማው፣ ብጽፈው። እኔ ግን ያ ምድጃ ገና ከልቤ አልወጣም። በዚያ ላይ ኩራት አለ። ፊደል ትናንት የቆጠረ ልብስ ሰፊ የራሴን ድርሰት ሊነግረኝ?

«ተወው» አልኩት። «የራሴን እኔ አውቃለሁ። ሌላ እጽፋለሁ።»

ዐይኑን አንስቶ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ሱሪው ተመለሰ። እኔም ሌላ ጻፍኩ። በአዲሱ መጨረሻ ሰውዬው ሲመጣ ብርቄ የለችም፤ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዳለች። ጥሩ መጨረሻ ነው፤ ያነበቡት ሁሉ ጥሩ ነው ብለዋል።

አሳታሚ ዘንድ ዓመታት ተኛ። መንግሥት ተለወጠ፣ ወረቀት ተወደደ፣ መልሼ ወሰድኩት፣ በመጨረሻ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት አወጣው። ሽፋኑ ላይ የሣሉት ወፍጮ ወፍጮ አይመስልም። ደምሴ ያን ጊዜ መነጽሩን በክር አስሮ ነበር የሚያደርገው። ከስፌቱ ሲያርፍ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለት ወር ሙሉ አነበበው። ሳያነብ የሚያውቀውን ለምን ያነባል እል ነበር በሆዴ። የጨረሰ ቀን መጽሐፉን ዘግቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ አጠገቡ ነበርኩ።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጥሩ ነው» አለ። መነጽሩን አወለቀና «ያኛው ግን ይሻል ነበር» አለ።

ቢላውን ጣል አድርጌ ተነስቼ ገባሁ። ሳምንት ያህል አኮረፍኩት። ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፉ አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩትም። ስንት ዓመት አብረን ኖርን ከዚያ ወዲህ! ስንት ቁርስ አብረን በላን፣ ሠናይትን ዳርን፣ የነፋስ ስልክ ቤታችን ፈርሶ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ገባን። ሌላ መጽሐፍ ለመጻፍ በሞከርኩ ቁጥር መጨረሻው ላይ ስደርስ ደምሴ በአእምሮዬ «ያኛው ይሻል ነበር» ይለኛል፤ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። መጠየቅ ግን አልሆነልኝም። ነገ እጠይቀዋለሁ የሚባል ነገር አለ አይደል፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው የትም አይሄድም ይመስላል።

የደም ግፊት አንድ ረቡዕ መታው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቱ ተያዘ። ሐኪሞቹ ቤት ወስዳችሁ አስታምሙት አሉን። አልጋውን መስኮቱ ሥር አደረግንለት፤ ያን መስኮት ይወደው ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ ገብታ ብርድ ልብሱ ላይ ተኝታለች፤ ሠናይት መድኃኒት ልትገዛ ወርዳለች። ሁለታችን ብቻ ነን። ደህናውን እጁን ያዝኩት። አውራ ጣቱ ላይ የመቀሱ ጠባሳ እንደ ድሮው ጠንካራ ነው።

«ደምሴ» አልኩት። «ብርቄ ምን ነበር ያለችው?»

ዐይኑ ወደ እኔ ዞረ። ግማሽ ፊቱ ሳቀ፤ በእርግጥ ሳቀ። እስክጠይቀው ስንት ዘመን ሲጠብቅ እንደኖረ ያኔ ገባኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጊዜ፣ ቆም ብሎ፣ ደግሞ ረዘም አድርጎ። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሚወጣው ትንፋሽ ነው። ጨረሰና ተናግሮ እንደበቃው ሰው እጄን ጨበጥ አደረገ፣ ፊቴን አየ፣ መልሴን ጠበቀ።

«ሰማሁህ» አልኩት። «ልክ ነህ፣ ያኛው ይሻላል።»

ዐይኑን በእርጋታ ከደነ። አልሰማሁትም ነበር።